ቡናና ፈትዋ፤ ጥያቄ ሲለወጥ መልስ ስለ መለወጡ

በጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ዘመዳችን ቤት ለለቅሶ ተሰብስበን ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ በዙሪያው ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙም፣ ለቀማው የተጧጧፈበት ጊዜ። ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ሳለ ከአጋሮ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎናቸው ወደ ተቀመጡት ሼኽ ዞር ብለው እንዲህ ሲሉ ጠየቁ።

«ሼኻችን፣ እኔ በቆሎም አለኝ፣ ቡናም አለኝ። ከበቆሎዬ ዘካ ሳወጣ ኖሬአለሁ። ከቡናው ግን አባቴም አላወጣ፣ እኔም አላወጣሁ። አሁን ልጄ ከመድረሳ መጥቶ ‹ከቡናው የድኻ ድርሻ አለብህ› ይለኛል። ከሁለታችን ማን ነው ልክ?»

ሼኹ ስኒያቸውን አስቀመጡና «አባትዎም አልተሳሳቱም፤ ልጅዎም አልተሳሳተም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንድ ወጣት ተመራቂ ፈገግ ብሎ «እንዲህ ከሆነማ የፈጣሪ ሕግ በአባትና በልጅ መካከል ይለዋወጣል ማለት ነዋ!» አለ። ሼኹ አልተቆጡም። ስኒውን እንደገና አነሡና «ልጄ፣ ይህ የምትጠጣው ነገር ራሱ በአንድ ወቅት በመካ ሐራም ተብሎ በአደባባይ እንደ ተቃጠለ ታውቃለህ?» ብለው መለሱለት።

የሚከተለው ጽሑፍ የዚያን ዕለት ጥያቄ ተከትሎ የተደረገ ንባብ ውጤት ነው። ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ የሃይማኖት ሊቅ ስላልሆነ አንድን ነገር ሐላል ወይም ሐራም ለማለት አይዳዳውም። ዓላማው የእስልምና የሕግ ሊቃውንት አስተያየት ከዘመን ጋር የሚራመደው በምን መንገድ እንደ ሆነ፣ በእኛው ምድር በበቀለው በቡና ታሪክ አማካይነት ለሙያ ጓደኞቹ ማቅረብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈትዋ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን መለየት ይገባል። ሸሪዓ የሚባለው ምእመናን ከፈጣሪ እንደ ወረደ የሚያምኑት መንገድ ነው። ፊቅህ ሊቃውንት ያንን መንገድ ለመረዳት ያደረጉት ጥረትና የደረሱበት ትምህርት ነው። ፈትዋ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ስለ ገጠመው ጉዳይ ሲጠይቅ፣ ሙፍቲ የሆነው ሊቅ የሚሰጠው መልስ ነው። ፈትዋ የፍርድ ቤት ውሳኔም አይደለም። ቃዲ በተከራካሪዎች መካከል ይፈርዳል፤ ውሳኔውም ይፈጸማል። በሀገራችን የቃዲዎች ፍርድ ቤቶች በ1944 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 62፣ በኋላም የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ባጸናው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ዓ.ም. በመንግሥት ሕግ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል። ሥልጣናቸውም በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በመሳሰሉት የተወሰነ ነው። የሙፍቲ ቃል ግን የሚታሰረው በጠያቂው ኅሊና ነው።

እንግዲህ ፈትዋ መልስ ከሆነ፣ መልስ ሁሉ የጥያቄው ጥገኛ ነው። ጥያቄው ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው ሕጉ ምን ይላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጠየቀው ነገር በእውነቱ ምንድን ነው የሚለው ነው። ለምሳሌ አስካሪ መጠጥ ክልክል መሆኑ በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ አያከራክርም። አንድ አዲስ መጠጥ ከተፍ ሲል ግን ያሰክራል ወይስ አያሰክርም የሚለውን ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም። እኛ መሐንዲሶች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የአንድ ሕንፃ ክብደት ወደ መሬት የሚተላለፍበት ሕግ በየትም ቦታ አንድ ነው፤ መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈር የሚለው ግን አፈሩ ሳይመረመር አይመለስም። የቋጥኙን ንድፍ ወስዶ በጥቁር አፈር ላይ የሚያቆም መሐንዲስ ለሕጉ ታማኝ ነው ሊባል አይችልም።

ይህ አስተሳሰብ በእስልምና የሕግ ትምህርት ውስጥ አዲስ አይደለም። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር በ639 ገደማ በዐረብ ምድር ጽኑ ረሃብ በገባ ጊዜ በስርቆት ላይ የሚፈጸመውን ቅጣት አግደው እንደ ነበር ይተረካል፤ የራበው ሰው እንጀራ ቢያነሣ ሕጉ ያሰበው ዓይነት ሌባ አይደለምና። በሀገራችን በሰፊው የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ መሥራች ኢማም ሻፊዒ (767–820) ከባግዳድ ወደ ግብፅ ከተሻገሩ በኋላ አያሌ አስተያየቶቻቸውን ስለ ለወጡ፣ ደቀ መዛሙርታቸው እስከ ዛሬ «የቀድሞው» እና «አዲሱ» እያሉ ሁለቱን ለይተው ያጠናሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የግብፁ አል-ቀራፊ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የደማስቆው ኢብን አል-ቀይም፣ ልማድ ከተለወጠ በኋላ በአሮጌው ልማድ ላይ የቆመ መልስ መስጠት ስሕተት መሆኑን በሰፊው ጽፈዋል። የኦቶማን መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጀው «መጀለ» በተባለው የሕግ ድርሳንም ይኸው አሳብ 39ኛ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል።

ከእኛ ምድር የተሻገረው ጥያቄ

አረቢካ የተባለው የቡና ዓይነት የተፈጥሮ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን የዕፀዋት ሊቃውንት ይመሰክራሉ። ስለ ቡና ሕጋዊነት በ1558 ገደማ መጽሐፍ የጻፉት አብዱልቃድር አል-ጀዚሪ ባስተላለፉት ታሪክ መሠረት፣ ቡና በየመን ከመታወቁ በፊት በሐበሻ፣ በጀበርትና በሰዕደዲን ምድር ይጠጣ ነበር። ወደ ዐደን የገባበትንም ታሪክ ይነግሩናል። ጀማሉዲን አዝ-ዘብሓኒ የተባሉ፣ በዐደን የፈትዋ ጽሑፎችን የሚመረምሩ ሊቅ ወደ አፍሪቃ ዳርቻ ተሻግረው ሳለ ሰዎች ይህን ነገር ሲጠቀሙ አዩ። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ ታመው በሞከሩት ጊዜ ድካምንና እንቅልፍን የሚያባርር ሆኖ አገኙት። ከዚያም ሌሊቱን በዚክር የሚያሳልፉ ሱፊዎች ተቀበሉት። ሊቁ የሞቱት በ1470 ገደማ ነው። ልብ ማለት የሚገባው ነገር፣ ቡናን ባሕር ካሻገሩት ሰዎች አንዱ የሕግ ሊቅ መሆናቸው ነው።

ይሁን እንጂ ቡና መካ ሲደርስ አቀባበሉ እንዲህ ቀላል አልሆነም። በ1511 የግብፅ ማምሉኮች በመካ የሾሙት የገበያና የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ኻኢር ቤግ፣ አንድ ሌሊት በታላቁ መስጊድ አጠገብ ሰዎች ፋኖስ አብርተው፣ ጽዋ እየተቀባበሉ ሲጠጡ አየ። ሁኔታው የጠላ ቤት ማኅበር መሰለው። በማግሥቱ የሕግ ሊቃውንትን ሰበሰበ። ሸንጎው ሁለት ነገሮችን ለየ። ለመጠጣት እንዲያ ተሰብስቦ መጫወት ነውር መሆኑን ተስማማበት። ፍሬው ራሱ ጎጂ መሆን አለመሆኑን ግን ሐኪሞች ይናገሩ አለ። ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች ቀርበው ቡና ለሰውነት ተፈጥሮ የማይስማማ ጎጂ ነገር ነው ሲሉ መሰከሩ። ሌሎችም «ጠጥተን አእምሮአችን ተለውጧል» ብለው ተናገሩ። በዚህ ምስክርነት ላይ ክልከላው ተፈርሞ ታወጀ፤ በከተማው የተገኘው ቡና ተቃጠለ፤ ሻጮችም ተገረፉ። የቃለ ጉባኤው ግልባጭ ወደ ካይሮ ተላከ። ከሱልጣን ቃንሱህ አል-ገውሪ የመጣው መልስ ግን ጠባብ ነበር፤ ከመጠጡ ጋር የሚደረገውን ነውር ከለከለ እንጂ ቡናውን ራሱን ሙሉ በሙሉ አላወገዘም። ኻኢር ቤግም በሚቀጥለው ዓመት ከሹመቱ ተነሣ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ የመካው ፈትዋ ደካማ የሆነው ሊቃውንቱ ሕጉን ስላላወቁ እንዳልነበረ ነው። ሕጉን አውቀዋል፤ ጥያቄውንም በትክክል ከፍለዋል። የተሳሳተው ስለ ነገሩ የቀረበላቸው ምስክርነት ነበር።

ይህን ጉድለት ያረሙት የካይሮ ዳኛ ናቸው። በ1530ዎቹ ዓመታት አስ-ሱንባጢ የተባሉ ሰባኪ ቡናን በማውገዛቸው በካይሮ ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ እስከ ጠብ ደረሰ። ጉዳዩ ወደ ዳኛው ወደ ኢብን ኢልያስ አል-ሐነፊ ቀረበ። ዳኛው ሊቃውንትን ካማከሩ በኋላ አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። በቤታቸው ቡና አስፈልተው ለተሰበሰቡት ሰዎች አስቀዱና፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከእነርሱ ጋር እየተጨዋወቱ ሁኔታቸውን ተመለከቱ። የሚደናገር አላዩም፤ የሚንገዳገድ አላዩም። ስለዚህ መፈቀዱን አጸኑ። ይህ በእኛ ቋንቋ የመስክ ሙከራ ይባላል።

ክርክሩ ከዚያም በኋላ አልበረደም። በ1550ዎቹ በኢስታንቡል የቡና ቤቶች ሲከፈቱ፣ ታላቁ የኦቶማን ሼኸል ኢስላም አቡ ሱዑድ ኤፌንዲ የቦዘኔዎች መሰብሰቢያ ሆነዋል በሚል አሳብ በቡና ላይ ጠንካራ ቃል ሰጡ። ሌላም ክርክር ተነሣ። ቡና ሲቆላ ያርራል፤ ከሰል የሆነ ነገር ደግሞ አይበላም ተባለ። በየቤታችን ቡና የምትቆላ ሴት ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን? ቡና ይቆላል እንጂ ከሰል እስኪሆን አይነድም። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሌላው ሼኸል ኢስላም ቦስታንዛደ መሕመድ ኤፌንዲ የተቃውሞውን ነጥቦች አንድ በአንድ መልሰው ቡናን የሚፈቅድ ፈትዋ ጻፉ። ሱልጣን ሙራድ 4ኛ በ1633 የቡና ቤቶችን በኀይል ቢዘጋም ልማዱን ሊያጠፋው አልቻለም። በ1656 የጻፈው ኦቶማናዊው ሊቅ ካቲብ ቸለቢ፣ በሕዝቡ ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደን ልማድ በክልከላ ለመንቀል መታገል ከንቱ ድካም መሆኑን ቡናን ምሳሌ አድርጎ አስረድቷል። እንዲህ አድርጎ የአንድ መጠጥ ነገር ለመቋጨት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ቡና በጊቤ ምድር

እስልምና በጊቤ ወንዝ ዙሪያ በነበሩት መንግሥታት፣ በሊሙ እናርያ፣ በጎማ፣ በጉማ፣ በጌራና በጅማ፣ ሥር የሰደደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ይዘውት የመጡትም በአብዛኛው ከሰሜን የወረዱ የጀበርቲ ነጋዴዎች ነበሩ። በጅማ የመጀመሪያው አባ ጅፋር (1830–1855 ገደማ) ሃይማኖቱን ተቀበሉ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932) ደግሞ ጅማ የትምህርት ማዕከል ለመሆን በቃች። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከኮረብታው ሥር የነበረው የሔርማታ ገበያ የዛሬው የጅማ ከተማ መሠረት ሲሆን፣ ስሙም በቀበሌዎቹ ስም ውስጥ ሳይጠፋ ይኖራል።

እስልምና በዚህ ምድር ሲጸና የቡና ክርክር ካበቃ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ስለዚህ በመካ የተቃጠለው ፍሬ በትውልድ ሀገሩ ከዱዓ ጋር ተስማምቶ ኖረ። በሰሜኑ የክርስቲያን ሀገር ግን የተገላቢጦሽ ነበር። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ካህናቱ ሲያርቁት ኖረዋል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳስረዱት፣ ይህ ስሜት የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ረድተዋል። ዛሬ በሁለቱም ሃይማኖት ቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ማን ከማን እንደ ተማረ የሚያስታውስ የለም። ዘመን ያስተማረው እስላሙን ብቻ አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

ታሪክን በቅንነት ለሚጽፍ ሰው ግን ሔርማታ ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። በዚያ ገበያ ቡናና ማር ብቻ አልተሸጡም፤ ሰውም ተሸጧል። የጥንቱ ፊቅህ ባሪያን ነጻ ማውጣትን ታላቅ በጎ ሥራ ቢያደርግም፣ ባርነትን ራሱን በሕግ ወሰን ውስጥ ተቀብሎት ኖሯል፤ የጥንቱ የክርስቲያን መንግሥት ሕግም እንዲሁ። በ1846 የቱኒስ ገዥ አሕመድ ቤይ ባርነትን ባስወገደ ጊዜ፣ የሐነፊውና የማሊኪው መዝሀብ ታላላቅ ሙፍቲዎች ደግፈውታል። ከክርክራቸው አንዱ ጌቶች ሕጉ የሚጠይቀውን አያያዝ አለመጠበቃቸው ነበር። በኢትዮጵያ ግን ባርነት ፈጽሞ የተሻረው በ1942 በወጣ አዋጅ ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል 96 ዓመታት አሉ። ለቡና የተፈተነው ጥንቃቄ፣ ለሰው ልጅ በዚያው ፍጥነት ስላልዋለ፣ ይህ የዘገየ መልስ ዋጋው ምን ያህል እንደ ነበር መናገር አያሻም። ጥያቄ እስኪነሣ መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ራሱ በደል ይሆናል።

ያልተቋጨው ጫትና የተገላበጠው ትምባሆ

አንባቢ ከላይ ካለው ታሪክ፣ ዘመን በሄደ ቁጥር ፈትዋ ሁሉ ወደ መፍቀድ ያዘነብላል ብሎ እንዳያስብ ሁለት ሌሎች ምሳሌዎችን መጥቀስ ይገባል።

የመጀመሪያው ጫት ነው። ጫት በሀገራችን ጽሑፍ ውስጥ ከተጠቀሰባቸው ጥንታውያን ቦታዎች አንዱ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሲሆን፣ በ1332 ገደማ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ይተርካል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሊቃውንት በጫት ነገር ስላልተስማሙ፣ በመካ ለሚኖሩት ታላቅ የሻፊዒ ሊቅ ለኢብን ሐጀር አል-ሐይተሚ ጥያቄያቸውን ላኩ። ሊቁ መልሳቸውን በአንድ ድርሳን አዘጋጁ። ስለ ጫት የቀረበላቸው ምስክርነት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር፤ አንዱ ያነቃል ይላል፣ ሌላው አእምሮ ያውካል ይላል። ስለዚህ በቁርጥ ሐራም ለማለት አልደፈሩም፤ መራቁ ግን የተሻለ መሆኑን መከሩ። ከ400 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ጅማ ላይ ዛሬም አንዱ ሼኽ ጫት ይዞ ለዱዓ ሲቀመጥ፣ ሌላው አጥብቆ ያወግዘዋል። ነገሩ ያልተቋጨው ስለ ነገሩ ያለው ዕውቀትና ልማዱ ራሱ ገና ስላልተስማሙ ነው።

ሁለተኛው ትምባሆ ነው። ትምባሆ ከአሜሪካ መጥቶ በሙስሊሙ ዓለም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲስፋፋ ከባድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ግን አያሌ ሊቃውንት ወደ መፍቀድ ወይም «መክሩህ» ብቻ ወደ ማለት አዘነበሉ። በ1731 ያረፉት የደማስቆው አብዱልገኒ አን-ናቡሉሲ በመከላከያው መጽሐፍ ጽፈዋል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን የሕክምና ምርምር ትምባሆና የሳንባ ነቀርሳ ያላቸውን ግንኙነት ባረጋገጠ ጊዜ መልሱ ተገለበጠ፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሙፍቲዎች ማጨስን ሐራም ብለዋል። ነፍስን ለጉዳት አሳልፎ አለመስጠት የሚለው መሠረት ሳይነካ፣ ዕውቀት ሲጨምር ውጤቱ ተለወጠ። ቡና በምርመራ ነጻ ወጣ፤ ትምባሆ በምርመራ ተፈረደበት።

የድኻው ድርሻ

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ዘካ ከእስልምና አምስት መሠረቶች አንዱ ነው፤ ከአዝመራ የሚወጣው ድርሻ በዝናብ ለበቀለ አሥር እጅ ከመቶ፣ በድካም ውኃ ለተጠጣ አምስት እጅ ከመቶ መሆኑ የታወቀ ነው። ዝቅተኛው መነሻ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚሉት አምስት «ወስቅ» ሲሆን፣ በዘመናችን ስሌት በግምት 650 ኪሎ ግራም ይሆናል። ክርክሩ ያለው ከየትኛው አዝመራ ይውጣ በሚለው ላይ ነው።

የሻፊዒ መዝሀብ አዲሱ አስተያየት ዘካውን የሚያስገድደው ሰው በሰላም ጊዜ ለቀለብ በሚዘራውና በሚከማቸው እህል፣ እንዲሁም በተምርና በዘቢብ ላይ ብቻ ነው። በቆሎ በኢማም ሻፊዒ ዘመን በዚህ ክፍለ ዓለም አይታወቅም ነበር፤ ከአሜሪካ የመጣ ነውና። ሆኖም ቀለብ በመሆኑ ያለ ብዙ ክርክር ከእህሉ ጋር ተቆጠረ። ቡና ግን ቀለብ አይደለም። ስለዚህ የሽማግሌው አባት በመዝሀባቸው መሠረት ከቡናው አላወጡም፤ ልክም ነበሩ። በዚያ ዘመን የብዙ ገበሬ ቡና ከጓሮ ተለቅሞ ለቤት የሚፈላ፣ የተረፈውም በጥቂቱ ለገበያ የሚወጣ ነበር።

በኢማም አቡ ሐኒፋ (በ767 ያረፉ) አስተያየት ግን መሬት ካበቀለችው አዝመራ ሁሉ ድርሻ ይወጣል። የሚያስደንቀው፣ ኢማም ሻፊዒ ራሳቸው በ«ቀድሞው» አስተያየታቸው ከወይራ፣ ከዛፍራን፣ ከሱፍና ከማር ዘካ ይወጣል ብለው እንደ ነበር በመዝሀቡ መጻሕፍት መመዝገቡ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ መዝሀብ ውስጥ እንኳ ከጥንት ጀምሮ ሁለት በር ነበረው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተለወጠው ኢኮኖሚው ነው። ቡና፣ ጎማ፣ ጥጥና ብርቱካን የዓለም ገበያ አዝመራ ሆኑ። «ፊቅሁ ዘካ» በሚለው ሰፊ መጽሐፋቸው የታወቁት የግብፁ ተወላጅ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊ (1926–2022) የአቡ ሐኒፋን መንገድ መረጡ። ጥቂት ገብስ የሚዘራ ድኻ ዘካ እየከፈለ ሰፊ የፍራፍሬ እርሻ ያለው ባለጠጋ ነጻ መሆኑ ከፍትሕ ጋር እንደማይሄድ ተከራከሩ። ይህ ክርክር ወደ ጅማ ሲመጣ ሥጋ ለብሶ ይታያል። በአንድ አምባ ላይ በቆሎ የሚያርስ ምስኪን ከአሥር ቁና አንዱን ይሰጣል። ከእርሱ በላይ ያለው የቡና ባለቤት፣ ቆርቆሮ ቤትና መኪና ያለው፣ ከአዝመራው ምንም አይጠየቅም፤ ምናልባት የሸጠበት ገንዘብ ዓመት ተቀምጦ ከተገኘ ብቻ ሁለት ተኩል እጅ ከመቶ ያወጣል። ቀይ እሸቱን ለቅመው በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው ሴቶችና ልጆች ደግሞ ከዛፉ ሥር ቆመዋል። የሽማግሌው ልጅ ያየው ይህን ነው።

እንግዲህ «አባትዎም አልተሳሳቱም፤ ልጅዎም አልተሳሳተም» የሚለው ቃል የማስታረቂያ ጨዋታ አልነበረም። አባት የተጠየቁት ስለ ጓሮ ቡና ነበር። ልጅ የሚጠይቀው ስለ ሀብት ምንጭ ነው። ዘካ ለምን እንደ ተደነገገ የሚናገረው መሠረት፣ ከባለጠጎች ተወስዶ ለድኾች ይሰጥ የሚለው፣ በሁለቱም ዘመን አንድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንሰበስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መልስ የሚለወጠው ስለ ነገሩ ያለን ዕውቀት ሲለወጥ ነው፤ የካይሮው ዳኛና የትምባሆ ምርመራ ምስክር ናቸው። ሁለተኛ፣ ልማድና ኑሮ ሲለወጥ አንድ ቃል የሚያመለክተው ነገር ሌላ ይሆናል፤ የጓሮ ቡናና የገበያ ቡና ስማቸው አንድ ነው፣ ነገራቸው ግን ሁለት ነው። ሦስተኛ፣ ለውጡ በራሱ አይመጣም፤ ጠያቂ ያስፈልገዋል። ሔርማታ ያስተማረችን ይህን ነው።

ለእኛ ለባለሙያዎችም ትርፍ አለው። ሙፍቲው ስለ ባንክ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ውኃ ሲጠየቅ፣ ነገሩ ምንድን ነው የሚለውን ከእኛ ይጠብቃል። በ1511 የመካን ሸንጎ ያሳሳቱት ሐኪሞች የዚያን ዘመን ባለሙያዎች ነበሩ። ምስክርነታችን የተሳሳተ እንደ ሆነ የሊቁም መልስ ይሳሳታል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ጠያቂው ነው።

በዚያ ለቅሶ ቤት ሼኹ ለሽማግሌው የመጨረሻውን ቃል በትእዛዝ መልክ አልሰጡም። «የመዝሀብዎን መንገድ ቢይዙ ኃጢአት አልልዎትም፤ ቢያወጡ ግን ለኅሊናዎ የተሻለ ነው፣ ለጎረቤትዎም ደስታ ነው» አሏቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አንተ መሐንዲስ ነህ አሉ፤ እስቲ አስላልኝ» አሉኝ። አንድ ችግር ወዲያው ገጠመኝ፤ የሚለካው ጀንፈሉ ነው ወይስ የተፈለፈለው? ሼኹን ብጠይቃቸው፣ በገለባው ለሚከማች እንደ ሩዝ ላለ እህል የሻፊዒ መጻሕፍት መነሻውን እጥፍ እንዳደረጉት ነገሩኝ። የጀንፈልም ግማሹ ገደማ ገለባ መሆኑን ቡና የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ 650 ኪሎ 38 ፈረሱላ፣ እጥፉ 76 ፈረሱላ ይሆናል። ሽማግሌው በዚያ ዓመት ያገኙት 100 ፈረሱላ ጀንፈል ነበር።

«እንግዲያው 10 ፈረሱላ ነዋ» አሉ፣ እኔ ቁጥሩን ሳልነግራቸው። ከዚያም ሦስተኛው ቡና፣ በረካው፣ ቀረበ።